ገበያተኛውና ገበሬው፦ የጎንደር አዲስ ዓለምና የምዕራብ ወሎ ደጋ የንግድ ከተሞች

«እስልምና ወደ ኢትዮጵያ መሀል አገር የገባው በነጋዴ እግር ነው» የሚለው አባባል በመድረሳም በዩኒቨርሲቲም ሲደጋገም ይሰማል። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ጉድለቱም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነጋዴ መንገደኛ ነውና፣ ሙስሊሙን በነጋዴነቱ ብቻ የሚያስተዋውቅ ታሪክ ሳይታወቀው መንገደኛ ያደርገዋል፤ ዛሬ መጥቶ ነገ የሚሄድ፣ ሱቅ እንጂ እርሻ የሌለው እንግዳ። ይህን ትምህርት ከመምህሩ የተቀበለ ተማሪ፣ ሙስሊም ቢሆን ስለ ራሱ፣ ክርስቲያን ቢሆን ስለ ጎረቤቱ የተሳሳተ ግምት ይዞ ይወጣል።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት የንግድ ስፍራዎችን ጎን ለጎን እናያለን። አንደኛው የጎንደር ሙስሊሞች መንደር የነበረው አዲስ ዓለም ነው። ሁለተኛው በሽሎ፣ ወለቃና ወንጭት ወደ አባይ በሚወርዱበት አገር የተዘረጋው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ነው፤ ተንታ፣ ወረኢሉና መካነ ሰላም የሚገኙት በዚህ ደጋ ላይ ነው። የጎንደሩን ገበያ ያቀናው መሬት የተነፈገ ሙስሊም ሲሆን፣ የወሎውን ገበያ ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር ያቆመው መሬት የሚያርስ ሙስሊም ነው። ዛሬ በየከተሞቻችን መሀል የምናየው የሱቅ ረድፍ የእነዚህ የሁለት ታሪኮች መገናኛ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

የተለየው መንደር

በክርስቲያን ንጉሥ ግዛት ውስጥ ሙስሊም ነጋዴዎች የሚኖሩበት ከተማ መኖሩ ከጎንደር ዘመን በፊትም የታወቀ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 መጥቶ በጻፈው የጉዞ ማስታወሻ በደቡብ ትግራይ ስለነበረች ማንደለይ ስለምትባል ከተማ ይተርካል። ነዋሪዎቿ ለንጉሡ የሚገብሩ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ከሰሜን አፍሪካ፣ ከካይሮና ከሕንድ የመጡ ነጋዴዎችም ይገናኙባት ነበር። ንጉሡ ከነጋዴው ግብርና የባሕር ማዶ ዕቃ ያገኛል፤ ነጋዴውም በምላሹ የመንገድ ጥበቃ ያገኛል። ስምምነቱ ይኸው ነበር። በዚህ ስምምነት ውስጥ ግን የእርሻ መሬት ጉዳይ አልነበረም።

ይህ አሠራር በአዋጅ የጸናው በጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ሙስሊሞቹ በቀሐ ወንዝ አጠገብ ሰፈሩ፤ መንደራቸውም እስላም ቤት፣ ኋላም አዲስ ዓለም ተባለ። በዚያ ዘመን የክርስቲያኑ መኳንንት ክብር በጦርና በርስት እንጂ በንግድ አልነበረም። ሙስሊሙም ርስት የመያዝ መብት በአብዛኛው ስላልነበረው የቀሩለት ሥራዎች ጥቂት ነበሩ፦ ሽመና፣ ቆዳ ማልፋት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ንግድ። ስለዚህ «ንግድ የእስላም ነው» የሚለው አነጋገር የሙስሊሙን ተፈጥሮ አይገልጽም፤ የተዘጋበትን በር ነው የሚገልጸው።

ሆኖም ለማራቅ የታሰበው መንደር የማይታለፍ ሆነ። ከምጽዋ ተነሥቶ በአድዋና በጎንደር አልፎ፣ በጎጃም እስከ ባሶ ገበያ፣ አባይን ተሻግሮም እስከ ጊቤ አገሮች የሚደርሰው የሲራራ ንግድ በአብዛኛው በሙስሊሞች እጅ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ሐር፣ በርበሬ ቁንዶና ጠመንጃ ሲፈልግ ወንዙን ተሻግሮ ይጠይቃል። የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ኃላፊ የሆነው ነጋድራስም ከዚያው ከሙስሊሙ ወገን የተሾመባቸው ጊዜያት ነበሩ። የተለየው መንደር በልዩነቱ ውስጥ ጉልበት አገኘ ማለት ይቻላል።

ጉልበቱ ግን ሥር አልነበረውም። አፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን በዘረፉና ባቃጠሉ ጊዜ፣ ከ1870 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ የሃይማኖት አዋጅ የተነሣ፣ ብዙዎቹ የጎንደር ሙስሊሞች ወደ መተማና ወደ ሌሎች አገሮች ተሰደዱ። በ1880 ዓ.ም. የመጣው የመህዲስቶች ጦር ከተማዋን በድጋሚ አቃጠላት። ነጋዴ ሀብቱ በበቅሎ ይጫናል፤ መሄድም ይችላል። መሄድ መቻሉ ያድነዋል፤ ሲሄድ ግን በቦታው የሚተክለው ነገር ስለሌለ ታሪኩም አብሮት ይሄዳል።

ገበሬው ሙስሊም

አሁን ወደ ወሎ ደጋ እንሻገር። በዚህ አገር ታሪኩ የተለየ መነሻ አለው። ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በወረ ሂመኖ የተነሡት የማመዶች ቤተሰብ ገዥዎች መናገሻቸውን ተንታ ላይ አድርገው፣ «ኢማም» የሚል ማዕረግ ይዘው ሰፊውን የወሎ ደጋ ገዝተዋል። እዚህ ሙስሊሙ ለሌላ ንጉሥ የሚገብር የነጋዴ መንደር አልነበረም። ገዥም፣ ወታደርም፣ ዓሊምም፣ ከሁሉም በላይ ገበሬ ነበር። ገብስና ስንዴ ይዘራል፤ በግ ያረባል፤ ከሱፉ ባናና ዝተት ያሠራል።

ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ጥናታቸው ለአገር በቀል ዑለማና ለሱፊ ማዕከላቱ ትልቅ ስፍራ ሰጥተዋል። የጀማ ንጉሡ ሸይኽ ሙሐመድ ሻፊ፣ የጌታው ሐጂ ቡሽራ፣ የዳና መሻይኾች፤ እነዚህ የወሎ እስልምና የቆመባቸው ስሞች የገበያ ስሞች አይደሉም። ኪታብ የሚቀራባቸው፣ ደረሳው ከአካባቢው ገበሬ እህል የሚመገብባቸው የገጠር መንደሮች ናቸው። በምዕራቡ ደጋ ያለችው የቱሉ አውሊያ ስምም ይህንኑ ይመሰክራል። «ቱሉ» በኦሮምኛ ኮረብታ ነው፤ «አውሊያ» በዐረብኛ የአላህ ወዳጆች ናቸው። እምነቱ በዚህ ደጋ ኮረብታውንና ማሳውን ይዞ እንደተተከለ ከስሙ እንረዳለን።

ታዲያ የዚህ ደጋ ገበያ ምን ዓይነት ነበር? ሳምንታዊ የሜዳ ገበያ ነበር። ደገኛው ገብሱን፣ ባቄላውን፣ በጉንና ሱፉን፣ ወደ አባይ በረሃ የሚኖረው ቆለኛ ደግሞ ማሽላውን፣ ጤፉንና ጥጡን ይዞ ይወጣል። ሴቶች ቅቤ፣ ዶሮ፣ እንቁላልና የፈተሉትን ጥጥ ያቀርባሉ። ሲራራ ነጋዴው ጨውና ጨርቅ ጭኖ ይመጣል። ገበያዎቹ ቀን ተከፋፍለው ይውላሉ፤ ነጋዴው በሳምንት ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። በአማራ ክልል ሐሙሲት፣ ሮቢት፣ ሰኞ ገበያ፣ ዓርብ ገበያ የሚባሉ ቦታዎች መብዛታቸው የዚህ ሥርዓት አሻራ ነው። ሜዳው የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነበር። ሁለቱ የማይገናኙት በሥጋ ላይ ብቻ ነው፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። እህሉን፣ ጨውን፣ ቅቤውንና ጨርቁን ግን በአንድ ሜዳ ይገዛዛሉ።

ለኢማሞቻችን የሚጠቅም አንድ ነገር እዚህ ላይ እናስታውስ። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ ከመስጊድ ቀጥሎ ካሰቡባቸው ጉዳዮች አንዱ የገበያ ቦታ ነበር። ለሙስሊሞች የመረጡት ገበያ ቀረጥ እንዳይጣልበት፣ ማንም ቦታውን አጥሮ እንዳያጠብበው ማዘዛቸው በሐዲስ ተላልፏል። ፉቀሃእም የገበያን ቦታ ከመስጊድ ጋር አመሳስለውታል፤ ቀድሞ የመጣ እስኪነሣ ድረስ ባለ መብት ነው። የወሎው የሜዳ ገበያ ቀረጥ ነበረበት፤ በዚህ ከመዲናው ይለያል። ነገር ግን ማንም ሰው በሜዳው ላይ ቋሚ ሱቅ ሳይሠራ፣ ማልዶ የመጣ ደህናውን ቦታ ይዞ፣ ማታ ሁሉም ሜዳውን ባዶ ትቶ የሚሄድበት ልማድ ከዚያ ሥርዓት የራቀ አልነበረም። ገበያው በዓርብ በሚውልበት ስፍራ ደግሞ የሱረቱል ጁሙዓ ትእዛዝ፣ ማለትም በአዛኑ ጊዜ ሽያጭን መተው፣ ከሰላት በኋላም ለሲሳይ መሰማራት፣ በቃል ብቻ ሳይሆን በእግር የሚፈጸም ነበር።

በጭነቱ ውስጥ የነበረው

ገበያውን ስናመሰግን ጭነቱንም ፈትተን ማየት ይገባናል። ከጭነቱ ዋነኛው አሞሌ ነበር። ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ደጋ ወጥቶ ቅመምም ገንዘብም ሆኖ ያገለግል ነበር። ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ዝናብ ካገኘው ይሟሟል። ከእርሱ ጎን የማርያ ቴሬዛ ብር ነበረ። በየትኛውም ዓመት ቢመታ እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመት ተቀርጾበት ይወጣል። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ በዘመቱ ጊዜ የእህልና የመኖ ዋጋ የከፈሉት በዚሁ ብር ነው። የደጋው ገበሬ ሌላ ገንዘብ እንደማይቀበል ዐውቀው ነበርና።

በዚያ ጭነት ውስጥ ሰውም ነበር። ከጊቤና ከደቡብ አገሮች በባሪያነት የተያዙ ወንዶችና ሴቶች በባሶና በጎንደር በኩል ወደ ምጽዋ፣ በወሎና በአውሳ በኩል ደግሞ ወደ ታጁራ ይነዱ ነበር። የክርስቲያን ገዥዎች ቀረጡን ይሰበስቡ ነበር፤ ንግዱ ግን በአብዛኛው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ነበር። የንግዱን ታሪክ እንደ ክብራችን የምናስተምር ከሆነ ይህንንም ማስተማር አለብን። ነፃውን ሰው ሸጦ ዋጋውን የሚበላ በቂያማ ቀን አላህ ተሟጋቹ እንደሚሆን በሐዲስ የተነገረ ሆኖ ሳለ፣ በዘረፋ የተያዘን ነፃ ሰው መሸጥ በዚሁ ገበያ ሲፈጸም ኖሯል። ተማሪዎቻችን ይህን ከሌላ ሰው ወቀሳ ከሚሰሙት ከመምህራቸው ቢሰሙት ይሻላል።

ከሜዳው ወደ ሱቁ

በግንቦት 1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ የተሰበሰበው ጉባኤ የወሎን ታሪክ በሁለት ከፈለው። ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሕዝበ ሙስሊሙም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ሸይኽ ጦልሓ ቢን ጀዕፈርን የመሰሉ ዑለማ ተቃውሞ አነሡ፤ ብዙዎችም ተሰደዱ። በጎንደር የደረሰው መከራ በወሎም ደረሰ። ውጤቱ ግን አንድ አልሆነም። ነጋዴው ጭኖ መሄድ ሲችል ገበሬው ማሳውን መጫን አይችልም። የወሎ ሙስሊም በብዛት በመሬቱ ላይ ቆየ፤ እምነቱንም በዚያው ጠበቀ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ከሆነው የደቡብ ወሎ ሕዝብ ከመቶ 70 የሚሆነው ሙስሊም ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን ቁጥር የንግድ ታሪክ ብቻውን ሊያስረዳው አይችልም።

የዛሬዎቹ የከተማ መሀሎች የተወለዱት ከዚህ ዘመን ጀምሮ ነው። ወረኢሉ የምኒልክ የጦር ሰፈር ሆና አደገች። በ1888 ዓ.ም. ለአድዋ ዘመቻ የክተት መሰብሰቢያ እንድትሆን መመረጧም ያን ያህል ጦር የሚቀልብ አገር መሀል ላይ መሆኗን ያሳያል። ደሴን ንጉሥ ሚካኤል መናገሻ አደረጓት። ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በኋላ የአስመራ፣ የአዲስ አበባና የአሰብ የመኪና መንገዶች በደሴና በኮምቦልቻ ሲገናኙ ግን ሜዳው ብቻ አልበቃም። ጭነት መኪና በየቀኑ ይመጣል፤ ዕቃውም በየቀኑ የሚሸጥበት ቋሚ ቤት ይሻል። የደሴው ፒያሳ ከሰኞ ገበያ ተለይቶ የጎላው በዚህ ምክንያት ነው።

ቋንቋችን ይህን ለውጥ መዝግቦታል። «ሱቅ» የሚለው ቃል በዐረብኛ ገበያን በሙሉ ያመለክታል፤ በአማርኛ ግን ትርጉሙ ጠቦ በር ያለው የንግድ ቤት ብቻ ሆነ። ደላላ፣ ወኪልና ሽርክናም ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። የሜዳው ገበያ በራሱ ስም ቀድሞ ስለነበረ «ሱቅ» ገበያውን አልተካም፤ ከጎኑ ተጨመረ እንጂ። የየመን ተወላጅ ነጋዴዎች በየከተማው የከፈቷቸው ትናንሽ መደብሮች «አረብ ቤት» ሲባሉ ኖረዋል። በደሴም አረብ ገንዳ የሚባለው ሰፈር ስማቸውን ይዞ ቀርቷል። የሱቅ ረድፉን እነርሱ፣ የጎንደርና የሌሎችም አካባቢዎች ጀበርቲ ነጋዴዎች፣ እንዲሁም ከእርሻ ወደ ንግድ የገቡ የወሎ ሰዎች በአንድነት አቀኑት። ሁለቱ ታሪኮች የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

መካነ ሰላም ከዋናው የአስፋልት መንገድ ርቃ ስለቆየች ይህ ለውጥ ዘግይቶ ደረሳት። በንጉሡ ዘመን የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ሆና ፍርድ ቤት የሚመላለሰው፣ ግብር የሚከፍለውና ገበያ የሚወጣው ሰው አንድ ላይ ይገናኝባት ነበር። ከምሥራቅ በለጋምቦ በኩል ከደሴ የሚመጣው ዕቃ፣ ከምዕራብ ከአባይ በረሃ ሽቅብ የሚወጣው ጥጥና እህል፣ አባይን ተሻግሮ ከጎጃም የሚመጣው መንገደኛ የሚያርፉት በዚህች ከተማ ነበር። ዛሬም የሱቁ ረድፍ ከሳምንቱ ገበያ ይኖራል፤ ገበሬው ካልወጣ ሱቁም አይሸጥም። በምዕራብ ወሎ የከተማው መሀል ከገጠሩ አልተለየም ስንል ይህን ማለታችን ነው።

ገበያ ያልታደገው ረሃብ

የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ስለ ገበያ የምናስተምረውን ሁሉ የሚፈትን ነው። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት በዚያ ወቅት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው እንዳልናረ አሳይቷል። እህል ከወሎ ወደ ሌላ አገር የወጣበትም ጊዜ ነበር። የተራበው ሰው እህል ከገበያው ስለጠፋ ብቻ አልሞተም፤ የሚገዛበት ስላጣ ነው። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ፣ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር፣ ሥራ ያጣ ሙያተኛ እህሉ በሚሸጥበት ከተማ ዳር ወድቆ ቀረ።

ይህን ለኢማሞች የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ገበያ በሚሰጠው ትምህርት ብዙ ጊዜ የምንሰማው ሱረቱል ሙጦፊፊን የሚያወግዘውን የሚዛን ማጉደልና ሐዲስ የሚከለክለውን እህል ማከማቸት ነው። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። የወሎው ረሃብ ግን ሚዛኑ የቀና፣ መጋዘኑም የተከፈተ ገበያ እንኳ ኪሱ ባዶ የሆነውን ሰው እንደማያድን አስተምሯል። ዘካ ለምን ከገበያ ውጭ የቆመ ግዴታ እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለንም።

በ1967 የተገለበጠው

ረሃቡ ባናወጠው ዘመን አብዮቱ መጣ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡት ሙስሊሞች ከጠየቋቸው መብቶች አንዱ የመሬት ባለቤትነት ነበር። በ1967 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ልዩነት ሁለት አዋጆች ወጡ። በየካቲት የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን ለአራሹ በማድረጉ ሙስሊሙ ከርስት የተገለለበት የዘመናት ሕግ አበቃ። በሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። መሬት ያልነበረው መሬት አገኘ፤ ሱቅ የነበረው ሱቁን አጣ። ከጎንደሩ አዲስ ዓለም የጀመረው ታሪክ በአንድ ዓመት ውስጥ ተገለበጠ። በከተሞቻችን መሀል ያሉ ብዙ አሮጌ የንግድ ቤቶች ከዚያ ወዲህ በትንሽ ኪራይ የሚያዙ የቀበሌ ቤቶች ሆኑ። ባለቤት የሌለው ቤት ጠጋኝም የለውምና ጭቃው ረገፈ፣ ቆርቆሮውም ዛገ።

ዛሬ እነዚህ ቤቶች በየከተማው ለአዲስ ግንባታ እየፈረሱ ነው። አዲስ ሕንጻ መሠራቱን አንቃወምም፤ ያረጀ ጭቃ ቤት ለሚኖርበት ሰው ቅርስ ሳይሆን ችግር ሊሆን ይችላል። የሚያሳስበን ከግድግዳው ጋር የሚሄደው ነገር ነው፦ የዱቤ መዝገብ፣ የሽርክና ውል፣ የወቅፍ ወረቀት፣ ከሌላ ከተማ ነጋዴ የተላከ የዐረብኛ ወይም የዐጀም ደብዳቤ፣ ሱቁን ማን ከማን እንደተረከበ የሚያስታውሱ አረጋውያን ቃል። የዑለማዎቻችንን ኪታቦች ለመሰብሰብ የተጀመረው ጥረት እነዚህን ተራ የሚመስሉ ወረቀቶችም ሊያቅፍ ይገባል። አንድ የዱቤ መዝገብ ሙስሊምና ክርስቲያን በዚያ ሜዳ ላይ ምን ያህል እንደተማመኑ ከብዙ ንግግር ይልቅ ያስረዳል፤ ማን ለማን ያለ መያዣ እንዳበደረ በስምና በቀን ተጽፎበታልና።

ስለዚህ ለመምህራን ያለን ሐሳብ ቀላል ነው። «እስልምና በነጋዴ እግር ገባ» ስትሉ «በገበሬ እጅም ጸና» የሚለውን ጨምሩበት። ለኢማሞች ደግሞ፦ በመስጊዳችሁ ዙሪያ ሱቃቸው ሊፈርስ ቀን የተቆረጠላቸው ነጋዴዎች ካሉ፣ ከመፍረሱ በፊት ከዓሱር ሰላት በኋላ አስቀምጧቸው፤ አንድ ጽሕፈት የሚችል ደረሳም ከጎናቸው ይቀመጥ። ወላሁ አዕለም።